ጨቅላ ይዞ መብረር

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሕፃን ታቅፎ መምጣት ቀላል አይደለም። ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ግን እናቱ ጭን ላይ መጓዝ ይችላል።

አቅራቢ 2፦ በነፃ?

አቅራቢ 1፦ በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ ያህል ይከፈልለታል። የራሱ ፓስፖርትም ያስፈልገዋል።

አቅራቢ 2፦ እሺ፣ እዚህ እያለ 2 ዓመት ቢሞላውስ?

አቅራቢ 1፦ ለመልሱ ጉዞ ወንበር ይገዛለታል።

አቅራቢ 2፦ እኔ ግን ከመጀመሪያውም ይገዛለት ባይ ነኝ። አውሮፕላኑ ሲናጥ የእናት ክንድ አይበቃም።

አቅራቢ 1፦ ልክ ነሽ፤ ግን ስንቱ ይችለዋል? ቢያንስ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠመውን የሕፃን አልጋ ቀድሞ ማስያዝ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው።

አቅራቢ 2፦ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ደግሞ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ጆሮው ይቀልለታል።

አቅራቢ 1፦ አብራችሁ የምትጓዙም፣ ልጅ ሲያለቅስ እናቲቱን አትገላምጧት፤ አግዟት።