የመፀው ቅጠልና የአሶሳ ጓሮ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ከዛፍ ስለሚረግፍ ቅጠል ነው። ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ርእሱ ቀላል መስሎ የሚታየው ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዳሩ ግን የምንሰበሰብባት የአሶሳ ከተማ በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ጧት በጢስ ተሸፍና የምትነሣው በዚሁ ቀላል ነገር ምክንያት ነው። በየግቢው ተጠርጎ የተከመረው ቅጠል ይቃጠላል፤ ከከተማው ውጭ ደግሞ ደኑና ሣሩ ይነዳል። በዚያው ግቢ የሚኖረው ሰው በሰኔ ወር ለጓሮው ጥቂት ኪሎ ዩሪያ ፍለጋ ሲንከራተት እናየዋለን። በእነዚህ በሁለቱ ወራት መካከል ያለውን ክፍተት እንዴት እንደምንሞላው ለማመልከት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ ጥቂት ልበል። በባሕረ ሐሳባችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ ነው። በአውሮፓም ቅጠል የሚረግፈው በመፀው ነው። ነገር ግን የእነርሱን ዛፍ የሚያራግፈው ብርድ ሲሆን የእኛን የሚያራግፈው ድርቀት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እነርሱ ዘንድ ቅጠሉ ከወደቀ በኋላ ዝናብና ጤዛ ስለሚከተል፣ በአጥር ጥግ የተከመረ ቅጠል ማንም ሳይነካው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ቅጠሉ በወደቀ ማግስት የሚጠብቀው የአምስት ወር ሐሩር ነው። የውጭ አገር የአትክልት መጽሐፍ እያነበቡ በአሶሳ ቅጠል ለማበስበስ የሞከሩ ሰዎች በመጋቢት ወር ክምራቸውን ሲገልጡ እንደተከመረ ደረቅ ሆኖ፣ ወይም ምስጥ በልቶት የሚያገኙት ስለዚህ ነው።

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ ዝናቧ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ የሚዘንበው በአንድ ወቅት፣ ከግንቦት ገደማ እስከ ጥቅምት ነው። በዙሪያዋ ያለው ደን አባሎና ወይባን የመሳሰሉት ቅጠለ ሰፊ ዛፎች ከረጅም ሣር ጋር የበቀሉበት ነው። የቆላው ቀርከሃ ደግሞ በአገራችን ይበልጡን የሚገኘው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ እርሱም በበጋ ቅጠሉን ያፈስሳል። በከተማው ውስጥ ማንጎ ያልተተከለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ማንጎ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ቢሆንም አሮጌ ቅጠሉን በየጊዜው ይጥላል። ስለዚህ ቅጠል እጥረት የለብንም።

እሳቱንም ያለ ምክንያት የለኮሰው የለም። ገበሬው ሣሩን የሚያቃጥለው እባብና አውሬ እንዳይሸሸግበት፣ ለፍየሎቹ ለጋ ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ ማሳውን ለማጽዳትና ማር ለመቁረጥም ነው። የከተማው ሰው ደግሞ ግቢው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ይፈልጋል። አመዱስ ማዳበሪያ አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። በእርግጥም ቅጠሉ ሲነድ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ ከአብዛኛው ፎስፈረስ ጋር በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመድም የአፈሩን አሲዳማነት ለጊዜው ያለዝባል። ነገር ግን ናይትሮጅኑና ድኙ በአብዛኛው ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚይዘው ክፍልም ፈጽሞ ይጠፋል። የተረፈውንም አመድ ነፋስና የግንቦት የመጀመሪያው ዶፍ ይካፈሉታል።

የአሶሳ ቀይ አፈር ይህን የጠፋውን ክፍል ከሌላው ይልቅ ይፈልገዋል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ይህም የምዕራቡን ክፍል በብዛት ይጨምራል። በእንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቀው ስለሚይዙት፣ ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ማዳበሪያ ከፊሉ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። የበሰበሰ ቅጠል ግን አሉሚኒየሙን በራሱ ላይ አስሮ ያንን ጉዳት ይቀንሳል። ማሽላችንን የሚያጠቃው አቀንጭራም ከሁሉ ይበልጥ የሚበረታው ናይትሮጅን ባነሰው አፈር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከሰሜኑ አገር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ ብዙ ሕዝብ ወደ አሶሳ ዙሪያ በሠፈራ መጥቷል። በወጡበት ደጋ ገለባውን ከብት ይበላዋል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለመሬቱ የሚመለስ ነገር እምብዛም አይተርፍም። በአሶሳ ሁኔታው ተገላቢጦሽ ነው፤ ማገዶና ቅጠል ሞልቶ ሳለ ከብቱ ያንሳል። በአባይና በዳቡስ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ስላለ፣ ሰው የሚተማመነው ከከብት ይልቅ በፍየል ነው። እንግዲህ ከላም እበት ተነሥቶ የተጻፈው የኮምፖስት መመሪያ ለዚህ አገር በከፊል ብቻ ይሠራል። እዚህ መነሻው ቅጠል፣ አጋዡ የፍየል በጠጥ ሊሆን ይገባዋል።

የማበስበስ ጥበብ ራሱ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው አልበርት ሐዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠራ፣ ደረቁንና እርጥቡን፣ ፍጉንና አፈሩን እያነባበረ መከመርንና ማገላበጥን በሥርዓት አስቀምጧል። በአገራችንም ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአዲ አቦ ሙሳ፣ በአዲ ነፋስና በዘባን ሳስ ከገበሬዎች ጋር ያደረጉት ሥራ በሙያችን ውስጥ የታወቀ ነው። በዚያ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካልተደረገለት ማሳ ጋር ሲነጻጸር በብዙው ሰብል እጥፍ ገደማ ምርት ሰጥቷል። ሁለቱም ሊቃውንት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን በመላው አገሪቱ ለተሠራጨው የኮምፖስት ትምህርት መሠረት ሆኗል።

ነገር ግን ያ ትምህርት ወደ አሶሳ ሲመጣ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይጋጫል፤ የንግግሬም ዋና ነጥብ ይህ ነው። መመሪያው ኮምፖስት በክረምት መውጫ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አረሙ ሳይደርቅና አፈሩ እርጥበት ሳለ እንዲዘጋጅ ያዛል። ለሰሜኑ ደጋ ይህ ትክክል ነው። በአሶሳ ግን በጥቅምት ቅጠሉ ገና በዛፉ ላይ ነው። ቅጠሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲወርድ ደግሞ አረሙ ደርቋል፤ ውሃውም ሸሽቷል። አንድ ኩንታል ደረቅ ቅጠል ለመብሰል በቂ እርጥበት እንዲያገኝ መቶ ሊትር ያህል ውሃ፣ ማለት አምስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይጠጣል፤ ይህም ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በጥር ወር በቦኖ ውሃ ተሰልፋ ከምትውል እናት ይህን መጠየቅ ነውር ነው። ስለሆነም ቅጠሉን በረገፈበት ወር ለማበስበስ መሞከሩን ትተን፣ ዝናብና አረንጓዴ አረም አብረው እስኪመጡ፣ ማለትም እስከ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ድረስ ማስቀመጥ ይኖርብናል። ይህ ሲሆን ሥራው ሁለት ቀጠሮ ይኖረዋል፤ በኅዳር መሰብሰብ፣ በሰኔ መከመር።

በመካከሉ ያሉት ስድስት ወራት ከባዶቹ ናቸው፤ ሁለት ጠላት አለና። አንደኛው እሳት ነው። ቅጠሉ የሚቀመጠው ከቤትና ከአጥር ራቅ ብሎ፣ ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል እስከ አፈሩ ተጠርጎ በጸዳ ቦታ መሆን አለበት። ሁለተኛው ምስጥ ነው፤ ከወለጋ እስከ አሶሳ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመሬት ላይ የተዘረረ ደረቅ ቅጠል ለምስጥ የተሰናዳ ገበታ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከእጃችን አይርቅም፤ ቀርከሃውን ሰንጥቆ በሠሩት ቆጥ ላይ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ፣ አጥር በምናጥርበት ዓይነት ቅርጫት መሥራት ነው። የቆጡን እግሮች አልፎ አልፎ እየተመለከቱ ምስጥ የሚሠራውን የአፈር መሿለኪያ መፍረስ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ሲጠቀጠቅ ቦታው ያንሳል፤ በእግር ረግጦ ወይም በዱላ ቀጥቅጦ ማድቀቅም ኋላ መበስበሱን ያፋጥነዋል።

ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። ዋንዛና ብሳና፣ ግራዋና ሰሳ ቶሎ ይበሰብሳሉ። የማንጎ ቅጠል እንደ ቆዳ የጠነከረ ስለሆነ ካልደቀቀ ወራት ይፈጃል፤ የቀርከሃውም ቅጠል ከባድ ነው። የባሕር ዛፍን ቅጠል በዘይቱ ምክንያት ባይጨምሩት ይሻላል፤ ቢጨመርም በጥቂቱ ይሁን። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ መጀመሪያ የታየውና ኋላም ወደዚህ የተዛመተው ነጩ የማንጎ ተባይ ባለበት ግቢ፣ የተጠቃውን ቅጠል በዛፉ ሥር ማንጠፍ አይገባም፤ እኔ በበኩሌ በክምሩ እምብርት ውስጥ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ቦታ እንዲቀበር እመክራለሁ። ከመንገድ ከተጠረገው ቅጠል ደግሞ ፌስታሉንና የባትሪ ድንጋዩን መልቀም የግድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከቅጠሉ ፌስታሉ ይበልጣል!

በሰኔ ክምሩ ሲሠራ ለሦስት ቅርጫት ቅጠል ሁለት ቅርጫት እርጥብ አረምና አንድ ቅርጫት የፍየል በጠጥ ቢገባ መልካም ነው። ደረቅ ቅጠል ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሃምሳና ከዚያ በላይ እጅ ካርቦን ስላለው፣ ብቻውን ሲሆን ረቂቅ ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ ወደ ሠላሳ ዝቅ ሲል ሥራቸው ይፋጠናል። ጥቂት የጓሮ አፈርና የቡና አተላ ቢጨመር ጥሩ ነው። አመድ ግን በብዛት መጨመር የለበትም፤ የበጠጡን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ ያተንነዋል። ዘር የያዘ አረም፣ ይልቁንም ያበበ አቀንጭራ ከክምሩ አይግባ። ቁመቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ካልሆነ አይሞቅም። በክምሩ መካከል ረጅም እንጨት ሰክቶ መተው፣ በሳምንቱ መዝዞ መዳሰስ ይበቃል፤ እንጨቱ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ይገላበጥ። የሞቀ ክምር ለምስጥም አይመችም።

በደጋው የሚመከረው ጉድጓድ በአሶሳ ክረምት ኩሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመሬት በላይ መከመር፣ በላዩም የሣር ወይም የሙዝ ቅጠል ክዳን ማድረግ ያስፈልጋል። አለዚያ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያፈራነውን አጥቦ ይወስደዋል። ሁለት ጊዜ ከተገላበጠ በመስከረም መጨረሻ ይደርሳል። ያን ጊዜ የጓሮው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጎመንና ባሚያ የሚተከልበት፣ የማንጎ ችግኝም የሚሰናዳበት ወቅት ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ቢደረግ መልካም ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ተስፋውን ከልኩ ማሳለፍ አልፈልግም። ደረቅ ቅጠል ያለው ናይትሮጅን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሲኖረው፣ ያንን ያህል ከቅጠል ለማግኘት 46 ኩንታል ቅጠል መሸከም ያስፈልጋል፤ ከዚያም በመበስበሱ ጊዜ የሚባክነው ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ የሄክታር በቆሎ በቅጠል ይበቅላል ብሎ ለገበሬው መናገር እርሱን ማታለል ነው። ለጓሮ ግን፣ ለሃያና ለሠላሳ ካሬ ሜትር መደብ፣ ከአንድ ግቢ የሚጠረገው ቅጠል ይበቃል። በማሳው ላይ ቅጠሉን ባለማቃጠልና እዚያው በመተው የሚገኘው ጥቅም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ጉባኤ ይፈልጋል።

የልማት ሠራተኞቻችን የኮምፖስት ዘመቻ በጥቅምት ሲታወጅ በአሶሳ ዙሪያ ባዶ ጉድጓድ አስቆፍረው በሪፖርት ላይ ቁጥር ሲሞሉ ማየት የተለመደ ነው። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ቀኑ የተቆረጠላቸው ለሌላ አየር ንብረት ነው። ማኅበራችን ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ለዚህ ክልል በኅዳርና በሰኔ የሚሠራ የተለየ ሰሌዳ አዘጋጅቶ ለግብርና ቢሮውና ለምርምር ማዕከሉ ማቅረብ ነው። እንዲፈተሽም በጥቂት ግቢዎች፣ በቆጥና ያለ ቆጥ፣ በክዳንና ያለ ክዳን ጎን ለጎን ማሠራት ይበቃል፤ ወጪው ቀርከሃና ሚዛን ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ነገር በየግቢው ባነሣሁ ቁጥር ወይዘሮዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ እባብ ነው፤ ጥያቄውም የሕፃናት ሕይወት ጉዳይ ነውና እንደ ቀላል አይታይም። መሬት ላይ የተከመረ ደረቅ ቅጠል በእውነት የእባብና የጊንጥ መጠለያ ነው። በቆጥ ላይ የተነሣ፣ ሥሩ ሁልጊዜ የሚጠረግ፣ ከመኝታ ቤቱ ቢያንስ አሥር እርምጃ የራቀ ቅርጫት ግን መሸሸጊያውን ይቀንሰዋል። በሰኔ ቅጠሉ ሲወርድ በባዶ እጅ ሳይሆን በመንሽ ይነሣ፤ ልጆችም ያን ዕለት ከአካባቢው ፈቀቅ ይበሉ።