ዲሽ ከመተከሉ አስቀድሞ ሰማዩን ስለ መመርመር

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ

አስተዋይ ሰው ቤት ለመሥራት ቦታ በመረጠ ጊዜ አስቀድሞ የጎርፉን መውረጃና የነፋሱን መምጫ ይመለከታል፤ ምሰሶውን የሚያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚቆመው፥ ሕዝቡ ዲሽ የሚለው የሳተላይት መቀበያም ሳይመረመር ሊተከል አይገባውም። ለቤት የሚመረመረው ምድሩ ነው፤ ለዲሽ ግን የሚመረመረው ሰማዩ ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። አርተር ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1945 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚዞር ነገር ከምድር ጋራ እኩል ስለሚዞር በአንድ ስፍራ የቆመ መስሎ እንደሚታይ፥ እንዲህ ያሉ ሦስት መሣሪያዎችም ለዓለም ሁሉ ወሬ ማስተላለፊያ ሊበቁ እንደሚችሉ ጻፈ። በ1964 ሲንኮም 3 የተባለችው ሳተላይት በእንዲህ ያለ ስፍራ ቆመች። ስለዚህ ዲሽ አንድ ጊዜ በትክክል ከተመራ በኋላ ወዲያና ወዲህ ማዞር አያስፈልግም። ነገር ግን ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ዛፍን ወይም ግንብን ዞሮ አያልፍም። ቅጠል ያደክመዋል፤ በዝናብ የራሰ ቅጠል ደግሞ ይብስበታል። 36,000 ኪሎ ሜትር ተጕዞ የመጣውን ሞገድ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የበቀለ አንድ ባሕር ዛፍ ሊያስቀረው ይችላል።

እንግዲህ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሳተላይቷ በየት በኩል እንዳለች ነው። በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ላለ ሰው፥ ብዙ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚተላለፉባት፥ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለችው ሳተላይት በምሥራቅና በደቡብ መካከል 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለችው ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል፥ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብላ፥ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ከዚያ ርቆ ባለ አገር ቍጥሩ በጥቂት ዲግሪ ይለወጣል። አቅጣጫውን ለማወቅ ኮምፓስ ይበቃል፤ ነገር ግን ብረት መርፌውን ስለሚያሳስት ከቆርቆሮ ጣራና ከብረት በር ራቅ ብሎ መቆም ያሻል።

ከፍታውን ለመለካት ተማሪዎች ለሒሳብ ትምህርት የሚይዙት ፕሮትራክተር ይረዳል። በመካከለኛው ነጥብ ላይ ክር ይታሰራል፤ በክሩ ጫፍም ትንሽ ድንጋይ ይንጠለጠላል። ዲሹ በሚቆምበት ቦታና ከፍታ ሆነው በቀጥተኛው ጠርዝ ወደ ዛፉ ጫፍ ሲመለከቱ፥ ክሩ ከ90 የራቀበት ቍጥር የዛፉ ከፍታ በዲግሪ ነው። ይህ ቍጥር ከሳተላይቷ ከፍታ ያነሰ እንደ ሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ የበለጠ እንደ ሆነ ግን ተዘግቷል። በሜትር ለሚያስብ ሰው፥ ከዲሹ በላይ 12 ሜትር ከፍ ያለ ዛፍ በናይልሳት አቅጣጫ ቢያንስ 16 ሜትር መራቅ አለበት፤ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላለችው ግን 6 ሜትር ቢርቅ ይበቃል። በዲሹ ገጽ ብቻ መፍረድ ያሳስታል፤ መቀበያው ከመካከል ዝቅ ብሎ የተሠራ ዲሽ ግድግዳ የሚያይ እየመሰለ፥ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይመለከታልና።

መሣሪያ ለሌለው ደግሞ ፀሐይ ራስዋ ምስክር ትሆናለች። በአዲስ አበባ አካባቢ በመስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል በዓል ገደማ፥ ፀሐይ በእነዚህ ሳተላይቶች በስተጀርባ ታልፋለች፤ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለችው በኩል ከጧቱ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፥ በናይልሳት በኩል ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። በመጋቢት 7 ቀን ገደማም ይኸው ይደገማል፤ ያን ጊዜ ግን 20 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዚያ ሰዓት ዲሹ ሊቆም የታሰበበት ቦታ ፀሐይ ቢያገኝ ሞገዱም ያገኘዋል፤ ጥላ ቢያርፍበት ግን ሌላ ቦታ ይፈለግ። ፀሐይን በዓይን መመልከት ስለሚጎዳ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። በእነዚህ ቀኖች ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢበላሽ ከፀሐይ የተነሣ ነው እንጂ ዲሹ ታምሞ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አይነካካው።

ይህ ሁሉ ምርመራ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ሲደረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከፈሰሰ በኋላ ግን ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ይባክናል፤ ከዚያም የሚከፋው፥ ትምህርት ቤቱ የጎረቤቱን ዛፍ ይቈረጥልኝ ብሎ ይጠይቃል። ባለዛፉም ለልጁ ሰርግ ወይም ለቤቱ ማገር ያሳደገው ነውና እሺ አይልም። እንዲህም ሲሆን ለዕውቀት የመጣው ዕቃ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው ለመምህሩ ብቻ ሊተው አይገባም። መምህሩ ከፍታውን ይለካል፤ ሽማግሌው ግን በዚያ አቅጣጫ ያለው መሬት የማን እንደ ሆነ፥ በመጪው ክረምትም ምን ሊተከልበት እንደ ታሰበ ያውቃል። ዛሬ ከጕልበት የማይበልጥ የባሕር ዛፍ ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጣራ በላይ ይሆናልና፥ የሚለካው ያለው ዛፍ ብቻ ሳይሆን የሚያድገውም ጭምር ነው። ሁለቱ አብረው ቆመው ሰማዩን የመረመሩለት ዲሽ ለብዙ ዘመን ሳይነቀል ልጆችን ያገለግላል፤ የጎረቤቱም ዛፍ በሰላም ያድጋል።