ከድንጋይ በታች ያለው ዝንብ
(በባዮሎጂ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ዝንብ ልናገር መሆኔን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ርእስ አለቀ ወይ?» ብለው ስቀውብኛል። አልከፋኝም። ዳሩ ግን በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ ዝንብ የተማሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል።

ነገሩ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ይመለከታል፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ማለት ነው። ከሚበላቸው ነፍሳት አንዱ ሜይፍላይ ይባላል። በእንግሊዝ ወንዞች ያለው ትልቁ ዓይነት ሁለት ዓመት ያህል በደለል ውስጥ ተቀብሮ በእጭነት ይኖራል። ከዚያ በግንቦት ግድም ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ ቆዳውን ይገፍና ይበራል። ክንፍ ካወጣ በኋላም ዳግመኛ ቆዳውን ይገፋል፤ ዛሬ ካሉት ነፍሳት ይህን የሚያደርጉ እርሱና ወገኖቹ ብቻ ናቸው። የሚበላበት አፍ ስለሌለው ተዋልዶ በጥቂት ቀን ይሞታል።

ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 እና በ1889 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ባወጣቸው መጻሕፍት፥ ከላባና ከክር የተሠራውን ዝንብ በውሃው ፊት ላይ ሳያርሱ ማንሳፈፍን አስተማረ። ተከታዮቹ ትምህርቱን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ስኪዩዝ የተባለው የሕግ ሰው ግን የያዘውን ዓሣ ሆድ ዕቃ ቢመረምር ክንፍ ያላወጣ እጭ አገኘ። ስለዚህ በ1910 ባወጣው መጽሐፍ ዝንቡን ከውሃው ፊት በታች ማስመጥም ተገቢ ነው አለ። ሃልፎርድ በ1914 ቢሞትም ክርክሩ አልሞተም፤ በ1938፥ ስኪዩዝ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፥ በለንደን የዝንብ አጥማጆች ክለብ እንደ ገና ተሟገቱበት።

እኔ ለስኪዩዝ አደላለሁ። ከላይ ብቻ የሚመለከት ሰው ከሁለት ዓመት ዕድሜ ሁለት ቀን ያህሉን ቢያይ ነው!

ይህን ካነበብሁ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ የአገራችን ወንዝ ወርደን ድንጋይ ገለበጥን። ከከተማው በላይ በጎንና በጎኑ ስንጥብ ያለው የሜይፍላይ እጭ ነበረ፤ አሸዋ በሐር እያጣበቀ ቤቱን የሚሠራው ካዲስም ነበረ። የፋብሪካ እጣቢ ከሚገባበት በታች ግን አንድም ሜይፍላይ አላገኘንም። ያገኘነው ቀይ ትል የመሰለ የሌላ ዝንብ እጭ ነው፤ ይህ በደሙ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክሲጅን ባነሰበት ውሃ ይኖራል። ውሃው ለዓይን ሁለቱም ዘንድ አንድ ነበረ። ከታችኛው አንዲት ልጅ በእንስራ ትቀዳ ነበር።

ሁለቱ ጠርሙሶች እነሆ በጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ማየት የሚወድ ይቅረብ።