ሁለት ነሐሴ፣ አንድ ተጋጣሚ



ዛሬ የምናገረው ስለ እግር ኳሳችን ጥሎ ማለፍ ነው፤ በይፋ ስሙ ስለ ኢትዮጵያ ዋንጫ። ታሪኩን ከሥሩ ከመጀመሬ በፊት ግን እዚሁ ደጃችን፣ ባሕር ዳር፣ የሆነውን ላስቀድም። ሁለት ነሐሴዎች አሉ። በሁለቱም ከዚሁ ከአማራ ክልል የወጣ ክለብ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተጋጥሟል፤ በሁለቱም ውድድሩ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ነበር። በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

የመጀመሪያው የ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በዚያ ዓመት በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ለፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ሳምንት ተናንቆ ነበር፤ ዋንጫው ለመቐለ 70 እንደርታ ሆነ። ጎንደር ያን ቀን እንዴት እንዳመሸ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁስሉ ሳይደርቅ ግን አፄዎቹ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሡ። ሊጉ የነሳቸውን ጥሎ ማለፉ ሰጣቸው፤ በዚያው ትኬት ወደ አፍሪካ መድረክ ወጡ። ዕጣው አዛምን አመጣላቸው፤ ጨዋታውም የተያዘው እዚህ በባሕር ዳር ስታዲየም ነበር።

በዚያ ቀን ስታዲየም ነበርኩ። የጎንደር ሰው በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በሐሙሲት አድርጎ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቷል፤ የባሕር ዳሩም ሰው የራሱን ማልያ ለአንድ ቀን አስቀምጦ ከእንግዳው ጋር ተቀላቅሏል። ነሐሴ ነውና ደመናው ከሐይቁ በኩል ተጭኖ መጣ። ሁላችንም የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ፌስታል አንጥፈን ተቀምጠናል። ከፊቴ የነበሩ አንድ አባት ዝናቡ ሲጀምር ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ዘወር ብለው ከኋላቸው ያለነውን አዩንና መልሰው አጠፉት። ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ ውኃው ከጫፉ እየተንጠባጠበ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ እንደዚያው ቆዩ። ፋሲል 1 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ ዳሬ ሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። እኔ ግን ያ ጃንጥላ ሲታጠፍ ያየሁበትን ቀን እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም።

ሁለተኛው ነሐሴ የ2015 ዓ.ም. ነው። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ጥሎ ማለፍ ምን ዓይነት ውድድር እንደሆነ ላስረዳ።

ሊግ የሒሳብ መዝገብ ነው። 16 ቡድኖች ደርሶ መልስ ሲገናኙ 240 ጨዋታ ይሆናል፤ ዛሬ የጎደለ ነጥብ ከወር በኋላ ይካካሳል፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተጫዋች ያለው በመጨረሻ ከላይ ይገኛል። እነዚያኑ 16 ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ብታገናኟቸው በ15 ጨዋታ ያልቃል፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይሰናበታልና። 225 ጨዋታ ሲቀነስ አብሮ የሚቀነሰው የማስተካከያ ዕድል ነው። አንድ የተንሸራተተ ተከላካይ፣ አንድ ምሰሶ የመለሰው ኳስ የዓመቱን ነገር ይወስነዋል። ትንሹ ክለብ ትልቁን ዓመቱን ሙሉ ሊበልጠው አይችልም፤ ለ90 ደቂቃ ግን ይችላል። የጥሎ ማለፍ ምሥጢር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፈረንሳይ አራተኛ ዲቪዚዮን የመጣው፣ አማተሮች የሚጫወቱበት የካሌ ክለብ እስከ ፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በናንት 2 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ያን ዓመት ሊጉን ማን እንደወሰደ የማያውቅ ሁሉ የካሌን ስም ያውቅ ነበር።

እኛ ለዚህ ውድድር እንግዳ አይደለንም። የእንግሊዙ ኤፍ ኤ ካፕ እ.ኤ.አ. በ1871 በ15 ክለቦች ሲጀመር የዓለም የመጀመሪያው አገር አቀፍ ዋንጫ ነበር። የእኛ ዋንጫ የጀመረው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ነጻ በወጣን በአራተኛው ዓመት። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የሚጋጠሙት የአርመኖቹ አራራት፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው የበቀለው ከዚያ ሜዳ ነው፤ በኋላ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) የመራው ይኸው የጊዮርጊስ አጥቂ ነው። አራራትና ፎርቲቱዶ ዛሬ ሜዳው ላይ የሉም፤ ዋንጫው ግን ዘመን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል።

የዚህ ዋንጫ ትልቁ ፍሬ፣ በእኔ ሚዛን፣ የወላይታ ድቻ ነው። ድቻ በ2009 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ ብዙ ሰው እንደ አጋጣሚ አየው። በ2010 ዓ.ም. ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ገብቶ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን ካሰናበተ በኋላ ዕጣው ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ጣለው። ዛማሌክ የአፍሪካ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ አምስት ጊዜ ያነሣ ክለብ ነው። ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመለያ ምት 4 ለ 3 ዛማሌክን ከውድድር አወጣ። ለዚህ መድረክ በር የከፈተለት የኢትዮጵያ ዋንጫ ነው። ጥሎ ማለፍ ባይኖር ኖሮ የጦና ንቦች ካይሮ ላይ አይናደፉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዋንጫው ያንቀላፋው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሊጉንም ዋንጫውንም አቋረጠ። ሊጉ በ2013 ተመለሰ፤ ጥሎ ማለፉ ግን አልተመለሰም። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ያለ ኢትዮጵያ ዋንጫ ቆየች፤ በዚያ ዓመት ሲመለስ ኢትዮጵያ ቡና አነሣው። በእነዚያ የባዶ ዓመታት ለዋንጫው ባለቤት ይሰጥ የነበረው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ትኬት ለሊጉ ሁለተኛ ይሰጥ ጀመር። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር? በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው የሚመራው፣ በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው የእኛው ባሕር ዳር ከነማ።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ ሆኜ እውነቱን መናገር አለብኝ። የጣና ሞገዶቹ ወደ አፍሪካ የወጡት የጥሎ ማለፉ ወንበር ባዶ ስለነበረ ነው። ውጤታቸው በላባቸው የመጣ ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። ቢሆንም የእኛን ደስታ በሰጠን ባዶ ወንበር ላይ ሌላ ድቻ ሊቀመጥ ይችል ነበር፤ ምናልባት ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊግ የሚመጣ፣ ስሙን ገና ያልሰማነው ክለብ። ለራሴ ከተማ ክለብ ስጮህ ያን ክለብ መርሳት አልፈልግም።

አሁን ስለ ሜዳው።

60 ሺህ ያህል ሰው እንዲይዝ የታሰበው ስታዲየማችን ምን እንዳየ ታስታውሳላችሁ። በሰኔ 2007 ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 አሸነፈ። በኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፤ ያን ዕለት ከስታዲየሙ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሩ ያልሄደ፣ ያልዘፈነ ሰው አላውቅም። በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0፤ ዋልያዎቹን ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያቀረባቸው ያ ድል ነው። በመስከረም 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥቶ 3 ለ 1 አሸነፈን። ከዚያ ካፍ ሜዳው ደረጃውን አላሟላም አለ። በኅዳር 2014 ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለ ሜዳ ተብለን የተሰለፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ግብፅን አሸንፈን የዓባይ መነሻ በሆነችው ከተማ ልንጨፍር የሚገባንን ጭፈራ የማላዊ ሣር ወሰደው።

ካፍን አልወቅስም። የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የተመልካች ወንበር፣ የሚዲያ ክፍል ይሟላ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያላሟላነው እኛ ነን። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2013 ሊጋችንም ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ። በቴሌቪዥን መተላለፉ በጎ ነው፤ ክለቦችም ከዚያ ገቢ አግኝተዋል። ሆኖም አንድ ልጅ የከተማውን ክለብ በገዛ ከተማው የሚያይበት ሳምንት ተቆጥሮ ያልቃል። የአዲስ አበባው ደጋፊ የስታዲየሙን ተራዎች፣ ካታንጋንና ሚስማር ተራን፣ በትዝታ ያወራል፤ የእኛው ልጅ ደግሞ የሐዋሳዎቹ ሐይቆችና ሞገዶቹ ሲገናኙ በስልክ ያያል።

ጥሎ ማለፍ ይህን ሊጠግን የሚችል ውድድር ነው ብዬ አምናለሁ። ሊጉ ለቴሌቪዥን ሲል ይሰብሰብ። ዋንጫው ግን ይበተን። ዕጣው ሲወጣ ቀድሞ የተጠራው ክለብ በራሱ ከተማ ይጫወት፤ ከታችኛው ሊግ የመጣ ቡድን ከፕሪሚየር ሊግ ክለብ ጋር ሲደርሰው፣ ዕጣው ምንም ቢል፣ የታችኛው ባለ ሜዳ ይሁን። ለአገር ውስጥ ጥሎ ማለፍ የካፍ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ተስተካክሎ የታጨደ ሣር፣ አጥር፣ አምቡላንስና በሩን በሰዓቱ የሚከፍት ሰው ነው። ወልዲያ ስታዲየም አላት። ደሴ ክለብ አላት፤ ደብረ ብርሃንም አላት።  ሰላም በሆነበት ቀን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ትንሽ ከተማ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ከገበያ የተመለሰው ገበሬ አህያውን ከአጥሩ አስሮ ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ በጊዜ ይለቃል፤ ቡና የምታፈላዋ ሴት ጀበናዋን ወደ ሜዳው በር ታዛውራለች። በሊጉ ይህ አይሆንም። በዋንጫው ብቻ ነው የሚሆነው። ወጪው ብዙ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥቂቱ የዋንጫ ጨዋታ ከሊጉ ጨዋታ ብዛት ጋር ሲተያይ ያስፈራል አልልም። የመንገዱን ደኅንነት በተመለከተ የሚነሳው ስጋት ግን እውነት ነው፤ ሰላም በሌለበት ዕጣ አይወጣም፤ ይህን ሁላችንም በዚህ ክልል ኖረን አይተነዋል።

ወደ ሁለተኛው ነሐሴ ልመለስ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ከነማ አዛምን ያስተናገደው አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ለጎንደሩ ክለብ በራችንን ከፍተንለት የነበርነው እኛ፣ ለራሳችን ክለብ መክፈት ሳንችል ቀረን። ያውም ለዚያው ለአዛም። ሞገዶቹ 2 ለ 1 አሸነፉ። በመልሱ ዳሬ ሰላም ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ድምሩ 3 ለ 3፤ መለያ ምት።

በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ሲመሽም ማንም ከግቢው አይወጣም። የእኛ ቤት ሰዎች ሳሎን ውስጥ አንድ ስልክ ከበን ተቀምጠን አዲስ አበባ ያለው የእኅቴ ልጅ ጨዋታውን እያየ ይነግረናል። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል ተቀምጧል። ድምፁ ይቆራረጣል። «መታ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ኔትወርክ ይሁን የኳሱ መንገድ ሳናውቅ እንጠብቃለን። «ገባ» ይላል። ደግሞ «መታ»፤ ደግሞ ዝም። እናቴ በእያንዳንዱ ዝምታ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች። የመጨረሻው ላይ መስመሩ ጭራሽ ተቋረጠ። እኛ ስልኩን እያየን፣ ማንም መልሶ ለመደወል እጁን ሳይሰድ፣ ከጎረቤት ግቢ እልልታ ተሰማ። ከዚያ ከማዶው። ከዚያ ከሐይቁ ዳር በኩል። 4 ለ 3 ነበር። ጎዳናው ላይ አንድም ሰው አልነበረም፤ በየግቢው ግን ከተማው ሁሉ ቆሞ ነበር።

በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አሰናበታቸው። ያን ምሽት የሰማሁትን እልልታ ግን በዚያ ባዶ ስታዲየም አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እሰማዋለሁ፤ ያን ምሽት በየግቢው ለብቻው እልል ያለው ሰው አንድ ቀን ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከወላይታ ከሚመጣ እንግዳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣ በዝናብ ውስጥ እንዲያየው እመኛለሁ።