የምታጠባ እናትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ተዳፋቶች ላይ እንሰት፣ ቡናና ታላላቅ ዛፎች በአንድ ማሳ ተደባልቀው ይበቅላሉ። ይኸው የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕዝብ በተጨናነቀበት በዚህ ምድር እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምታዘጋጀው፣ በመኸሩም ቀይ ቡና የምትለቅመው እናት፣ ሕፃን አዝላ የምትውለውም እርስዋው ናት። ከወለደች ጥቂት ወራት ሳይሞላት ዳግመኛ ብታረግዝ፣ ጉዳቱ በእርስዋ ብቻ አይቆምም፤ ጡት ላይ ላለው ሕፃንም ለሚመጣውም ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት ይቆይ ብሎ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለችው እናት ወደ ጤና ኬላ ስትሄድ የምትይዘው ሥጋት የታወቀ ነው። መርፌው ወተቷን እንዳያደርቅባት፣ ሕፃኑንም እንዳይጎዳባት ትፈራለች። ጥያቄው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በ2000 ከ100 ባለትዳር ሴቶች መካከል በዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 6 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥራቸው ወደ 41 ከፍ ሲል፣ ከእነዚህ 27ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ስለዚህ በመርፌው ላይ የሚነሣው ጥርጣሬ በአገሪቱ በብዙ ቤት የሚነሣ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በደፈናው «ደኅና ነው» ወይም «ይጎዳል» ብሎ መመለስ አይገባም። አንድ መሐንዲስ «ይህ ድልድይ አስተማማኝ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ለምን ያህል ጭነት?» ሳይል አይመልስም። አዲስ የተሞላ አርማታም ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሚሸከመውና ከዚያ በኋላ የሚሸከመው አንድ አይደለም። ስለ ሆርሞኑም እንዲሁ ሁለት ነገሮች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው፤ የሆርሞኑ ዓይነትና ከወሊድ በኋላ ያለፉት ሳምንታት ብዛት።

ምክንያቱን ለመረዳት የወተቱን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን ወተት በብዛት እንዳይመረት አግዶ ይቆያል። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን መጠኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ ፕሮላክቲን የተባለውም ሆርሞን ሥራውን ያለ ከልካይ ያከናውናል። በዚህ ጊዜ እንገሩ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ግድም ለበዛ ወተት ቦታውን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ወተቱን የሚያዘልቀው በተለይ የሕፃኑ አዘውትሮ መጥባት ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞኖች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድነት የሚገኙበት ጥምር ኪኒን ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የዓለም ጤና ድርጅት ባስተባበረው ጥናት ይህን ኪኒን የወሰዱ እናቶች ወተት መጠን ቀንሶ ታይቷል፤ ሆኖም በሕፃናቱ እድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ከዚህም በላይ ኤስትሮጅን ደምን የማርጋት ጠባይ ስላለው፣ በአራስነት ሳምንታት ለእናቲቱ ራሷ አደገኛ ነው። ድርጅቱ በ2015 ባወጣው መመሪያ 5ኛ እትም፣ የምታጠባ እናት ይህን ኪኒን እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ጨርሶ እንዳትወስድ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር ሌላ ዘዴ ካልታጣ በቀር እንዳትጠቀምበት አስታውቋል። እንግዲህ የእናቲቱ ሥጋት ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በጥምሩ ኪኒን ላይ እውነትነት አለው።

ሁለተኛው ክፍል ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት ሲሆን፣ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ኪኒን፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሆርሞኑ ወደ ወተቱ የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። የተደረጉትም ጥናቶች በጠቅላላው የወተት መቀነስንም ሆነ በሕፃኑ እድገት ላይ የደረሰ ጉዳትን አላሳዩም።

በዚህ ክፍል ውስጥም ቢሆን የጊዜ ልዩነት አለ። በዚያው መመሪያ መሠረት ኪኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን ከ6ኛው ሳምንት በፊትም ቢሆን በአብዛኛው መጠቀም ይቻላል። መርፌው ግን 6 ሳምንት እስኪሞላ ቢቆይ ይመረጣል። በአንድ ጊዜ የሚወጋው 150 ሚሊግራም አንዴ ከገባ በኋላ ሊመለስ አይችልም፤ ጨቅላው ገና በለጋነቱ ለሆርሞኑ መጋለጡም ጥንቃቄ አስፈልጎታል። ኢምፕላኖን የተባለው ግን 68 ሚሊግራሙን በ3 ዓመት ከፋፍሎ ይለቃል፤ ካስፈለገም ይወጣል። መድኃኒቶቹ የተለያየ ኃይል ስላላቸው ሚሊግራሙ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሊመለስ የሚችልና የማይችል መሆኑ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ማጥባት ብቻውን መርፌውን የሚከለክል ምክንያት አይሆንም።

ማጥባት ራሱ እርግዝናን ይከላከላል የሚለው አባባልም ልክ አለው። በ1988 በጣሊያን አገር በቤላጆ የተሰበሰቡ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ መከላከያነቱ 98 በመቶ ይደርሳል። እነዚህም ሕፃኑ ከ6 ወር በታች መሆኑ፣ ቀንም ሌሊትም የእናቱን ጡት ብቻ ወይም ከሞላ ጎደል ጡት ብቻ መጥባቱና የእናቲቱ የወር አበባ አለመመለሱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዋስትናው ይፈርሳል። በቡና ለቀማ ወራት ልጇን እቤት ትታ የምትውል እናት ይህን ሳታውቅ ብትተማመን፣ ሳታስበው ታረግዛለች።

በሥራ ላይ የሚውለው መፍትሔ ቅርብ ነው። የ6ኛው ሳምንት ቀን 42ኛው ነው፤ ከአራስነቱ አርባ ቀን እምብዛም አይርቅም። በአገሪቱ የክትባት ሥርዓትም ሕፃኑ ፔንታቫለንት የተባለውን ክትባት መጀመሪያ የሚወስደው በ6ኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ ልጇን ለክትባት ይዛ የመጣች እናት በዚያው ቀን ልትመከርና ከፈለገች መርፌውን ልትወጋ ትችላለች። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ቀበሌ አቅርቧል፤ ከ2009 ጀምሮም ኢምፕላኖን በጤና ኬላ መሰጠት ጀምሯል። ይህ ቅርበት ለጌዴኦ ልዩ ትርጉም አለው። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል እንደታየው፣ የሦስት ወር ቀጠሮ በመንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በክንድ ያለው ግን ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል።

ምርጫው የእናቲቱ ነው። ነገር ግን በትክክል እንድትመርጥ ሙሉው ሊነገራት ይገባል። መርፌው የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር፣ ካቆመችም በኋላ እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ እንደሚችል አስቀድማ ካልሰማች፣ የመጀመሪያው ለውጥ ሲታይባት ደንግጣ ትተወዋለች። ያን ጊዜ የሚጎዳው ከወተቱ ጋር የተያያዘው ሕፃን ነው። በቀጠሮ ካርዷ ላይ የሆርሞኑ ዓይነትና የወለደችበት ቀን ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ የጥያቄዋ መልስ ከሞላ ጎደል እዚያው ይገኛል።