የኮንዶርሴ ሕይወትና የተማረ ሰው ዕዳ



ዛሬ የምንነጋገረው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስለ ነበረ ስለ ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኮንዶርሴ በ1743 ተወለደ። በትውልዱ ባላባት፥ በትምህርቱ የሒሳብ ሊቅ ነበረ፤ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም ዋና ጸሐፊ ሆነ። ተመችቶት ዝም ብሎ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1781 ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1790 ደግሞ ሴቶች የዜግነት መብት ይሰጣቸው ብሎ ጻፈ። አብዮቱ በ1789 ሲነሣ ብዙ መኳንንት አገር ጥለው ሲሰደዱ፥ እርሱ ከአብዮቱ ጋር ቆመ፤ በ1791ም ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ተመረጠ።

እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ የሚነካን በአፕሪል 1792 ለምክር ቤቱ ያቀረበው የትምህርት ዕቅድ ነው። ትምህርት በየደረጃው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ፥ ለወንዱም ለሴቱም እንዲዳረስ፥ ትምህርት ቤትም የባለሥልጣኖች መሣሪያ እንዳይሆን ጠየቀ። ያልተማረ ሰው ሕግ ነፃ ቢያወጣውም የተማረው ሰው ጥገኛ ሆኖ ይቀራል ብሎ ያምን ነበርና። ዕቅዱን በማንበብ ላይ ሳለ ንጉሡ በኦስትሪያ ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ለመጠየቅ ምክር ቤቱ ገቡ፤ ንባቡም ተቋረጠ። ጦርነቱ ታወጀ፤ የትምህርቱ ዕቅድ ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ለፍርድ ሲቀርቡ ኮንዶርሴ ጥፋተኛ ናቸው አለ፤ የሞትን ቅጣት ስለሚቃወም ግን ይሙቱ አላለም። በ1793 እርሱ ያቀረበው የሕገ መንግሥት ረቂቅ ተጥሎ ሌላው ሲጸድቅ በጽሑፍ ተቃወመ። ስለዚህ በጁላይ እንዲያዝ ታዘዘ። ማዳም ቬርኔ የተባሉ ባልቴት በቤታቸው ለወራት ሸሸጉት። ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ፥ የሰው ልጅ አእምሮ ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻሻለ እንደሚሄድ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። በማርች 1794 ባለቤቲቱን ለአደጋ ላለማጋለጥ ከቤታቸው ወጣ፤ ወዲያው ተያዘና በእስር ቤት ሞቶ ተገኘ። እንዲያዝ ያዘዘው ጉባኤ ራሱ በ1795 ከዚሁ መጽሐፍ 3,000 ቅጂ እንዲገዛ ወሰነ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የተማረ ሰው ዕውቀቱን እንደ ርስት አጥሮ ሊይዝ አይገባም፤ ላልደረሰው ማካፈል ዕዳው ነው። ሁለተኛ፥ ለውጥን መደገፍ ማለት ብዙኃን ያሉትን ሁሉ አሜን ማለት አይደለም። ኮንዶርሴ ንጉሡን ሳይፈራ ተናገረ፤ ጓደኞቹንም ሳይፈራ ተናገረ። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው።