ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ልዩ ልዩ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተመደበልኝ ርእስ ከጀልባ በስተኋላ ስለሚንጠለጠሉት የቀድሞ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነው። ርእሱ ለብዙዎቻችን ከዕለት ሥራችን የራቀ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ፓምፕም ሆነ ጄኔሬተር የሚጠግን ሁሉ የሚገጥመው ነው። ይኸውም አንድ መሣሪያ በአንድ ስም ለብዙ ዓመታት ሲሠራ በመካከሉ የተለወጠውን ነገር በምን እናውቃለን? ባናውቅስ ምን ይደርሳል? የሚለው ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሞተርን ስም የሚያወጣው ግን ሻጩ ነው። ይህንን በሁለት ምሳሌዎች ላስረዳ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። በትውልዱ ኖርዌጂያዊ የሆነው ኦሌ ኤቪንሩድ በሚልዋኪ ከተማ የጀልባ ሞተሩን ለገበያ ያቀረበው በ1909 ነበር። ጆንሰን የሚባሉት ወንድማማቾች ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኢንዲያና የራሳቸውን ሞተር አወጡ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ስለዚህ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጆንሰንና ኤቪንሩድ እየተባሉ የተሸጡት አብዛኞቹ ሞተሮች በሽፋናቸውና በቀለማቸው ካልሆነ በቀር በውስጣቸው አንድ ናቸው።

በአንጻሩ በአንዱ ስም ውስጥ ያለው የዘመን ልዩነት ሰፊ ነው። በ1950ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ነዳጅ የሚያገኙት በፓምፕ አልነበረም። ሞተሩ ራሱ አየር ወደ ታንኩ እየገፋ ነዳጁን በግፊት ያወጣው ስለነበር ቱቦው ባለ ሁለት መስመር ነው። በኋላ የነዳጅ ፓምፕ ሲገጠም ቱቦው ባለ አንድ መስመር ሆነ። የቅባቱም መጠን እንዲሁ ተለወጠ፤ ባለመርፌ ኩሽኔታ ለሆኑት ሞተሮች ለ24 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት የነበረው ድብልቅ፣ ከ1964 ጀምሮ ለ50 እጅ 1 እጅ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ብሪቲሽ ሲገል የተባለው የእንግሊዝ ሞተር ነው። በ1930ዎቹ ተጀምሮ፣ ኋላ በፑል ከተማ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሠርቷል። በመልኩ ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል። ነገር ግን ፎርቲ የሚባለው ወገን 64 ሲ.ሲ. ሲሆን፣ ሴንቸሪ የሚባለው 102 ሲ.ሲ. ነው። ማቀጣጠያው መጀመሪያ የቪሊየርስ ማግኔቶ፣ ቀጥሎ የዊፓክ፣ በመጨረሻም ፑንቲና የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሆነ። የአንዱን ቦቢና ለሌላው እገጥማለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከውጭ አይታይም። በቀድሞዎቹ ሲገሎች ክራንክሻፍቱ የሚያርፈው በኩሽኔታ ላይ ሳይሆን በነሐስ ቦኮላ ውስጥ ነው። እንደምታውቁት በባለ ሁለት ምት ሞተር የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት በክራንክ ቤቱ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ክራንክ ቤቱ አየር ማስገባት የለበትም። በዚህ ሞተር ላይ በዘንጉና በቦኮላው መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው የዘይቱ ሽፋን ራሱ ነው። የታዘዘለት ድብልቅ ለ10 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በኋላ የመጡት ሲገሎች ግን ለ25 እጅ 1 እጅ ተብለው ተሠሩ፤ ካርቡራተራቸውም አብሮ ተስተካከለ።

እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። ለ10 ሊትር ቤንዚን የቀድሞው ሲገል 1 ሊትር፣ የኋለኛው 400 ሚሊ ሊትር፣ የ1964ቱ ጆንሰን ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። አንድ ሰው ጭስ ለመቀነስና ዘይት ለመቆጠብ ብሎ የኋለኛውን መጠን ለቀድሞው ቢሰጠው፣ ቦኮላው ይበላል፤ ክራንክ ቤቱ አየር ይስባል፤ ሞተሩም አልነሳ ይላል። በዚያው ካርቡራተር ዘይቱ ሲቀንስ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚበዛ ሚዛኑም ይዛባል። ዛሬ የሚሸጠው ዘይት ከጥንቱ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የተሻለ ዘይት የነሐሱን ክፍተት አያጠብም። በአንጻሩ የቀድሞውን መጠን ለአዲሱ መስጠት ካንዴላ ያጠቁራል፤ የጭስ መውጫውንም በከሰል ይደፍናል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ድምዳሜ አጭር ነው። የአንድ ሞተር ዝርያ ማለት ያጌጠ ስም ሳይሆን፣ መሐንዲሱ አንድን ችግር ለመፍታት የወሰነው ውሳኔ ነው። ከውሳኔዎቹ አንዱን ብቻ ነጥሎ ከሌላው ዘመን መዋስ አይቻልም፤ ቦኮላው፣ ዘይቱና ካርቡራተሩ አብረው የተወለዱ ናቸውና።

የሲገል ፋብሪካ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ በኤቪንሩድ ስም የሚሠራው ሞተርም በ2020 ተቋርጧል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር እጁ የገባ ባለሙያ ሦስት ነገሮች እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት በክራንክ ቤቱ ላይ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር ያንብብ። ሁለተኛ፣ የድብልቁን መጠን በነዳጅ ታንኩ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የለወጠውን ዕቃ ሁሉ ከሞተሩ ጋር በሚቀመጥ ደብተር ይመዝግብ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የሚጠይቀው ሌላ ሰው የለምና።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ባለ ሁለት ምት ሞተር በአሠራሩ ከነዳጁ ከፊሉን ሳያቃጥል ያስወጣል፤ ከነዳጁም ጋር ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት በ1996 የጀልባ ሞተሮችን ብክለት የሚቀንስ ደንብ ያወጣው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የ10 ለ1 ሞተር ለዕለት አገልግሎት፣ ዓሣ በሚወጣበትና ሕዝብና ከብት በሚጠጡት እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ መዋል የለበትም ባይ ነኝ። ቦታው የመማሪያ ወርክሾፕ ነው። በዚያም ቢሆን ማስተማር የሚችለው እንደ ተሠራበት ዘመን በትክክል ከተያዘ ብቻ ነው።